ውድ ሽጉጥ ዋጋውን ያወጣልን?

አንድ ዕቃ ውድ ነው ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው ዕቃውን ለመሥራት ብዙ ድካምና ብዙ ብልሃት ፈሶበታል ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዕቃው ለገዢው የሚሰጠው አገልግሎት ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥሯቸዋል፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ብዙ የተደከመበት ዕቃ ሁሉ ለእያንዳንዱ ገዢ የዚያኑ ያህል ይጠቅመዋል ለማለት አይቻልም። ይህንንም ልዩነት አጉልተው ከሚያሳዩት ዕቃዎች አንዱ ሽጉጥ ነው።

በሀገራችን የጦር መሣሪያ ከዱሮ ጀምሮ የክብር ዕቃ ሆኖ ኖሯል። አባቶቻችን ውጅግራ፥ ምንሽር እያሉ እያንዳንዱን በስሙ ለይተው ያውቁት ነበር፤ የመሣሪያው ዓይነትም የያዘውን ሰው ማዕርግ ይናገር ነበር። ከዚህ የተነሣ ጥሩ ሆኖ የተሠራ መሣሪያ ሲታይ ልብ ቶሎ ይማረካል፤ ሒሳቡ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ስሜትን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን፥ ውድ ሽጉጥ ዋጋውን ያወጣልን የሚለውን ጥያቄ በሒሳብ እንመረምራለን። ለምሳሌ የምንወስደውም አንድ መንግሥት ራሱ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቆ በሥራ የመለሰበትን የስዊስ ሽጉጥ ነው። ዓመቶቹን የምንሰጠው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስዊስ ጥራት ላለው ሽጉጥ ገንዘብ ማውጣት የጀመረችው ቀደም ብላ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሉገር የተባለውን የጀርመን አውቶማቲክ ሽጉጥ ለሠራዊቷ ስትመርጥ፥ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከተቀበሉት መንግሥታት መካከል ከፊተኞቹ አንዷ ነበረች። ሉገር ያማረና በትክክል የሚመታ ሽጉጥ ነበር፤ ነገር ግን ለመሥራት አስቸጋሪና ውድ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ስዊሶች ወጪውን ለመቀነስ ሲሉ አንዳንድ ክፍሎቹን አቅልለው ሠሩት። ይህም ሆኖ ዋጋው አልረከሰም።

በራይን ወንዝ ፏፏቴ አጠገብ ኖይሃውዘን በምትባል ከተማ ሲግ የሚባል ፋብሪካ አለ። ፋብሪካው በ1853 ዓ.ም. ሲመሠረት ሥራው የባቡር ፉርጎ መሥራት ነበር፤ በኋላ ግን በጦር መሣሪያ ሥራም ስሙ ታወቀ። ይህ ፋብሪካ ሻርል ፔተር የተባለው መሐንዲስ በፈረንሳይ ሀገር ያወጣውን የሽጉጥ አሠራር ለመጠቀም በ1937 ዓ.ም. ፈቃድ ገዛ። ከብዙ ዓመት ሙከራም በኋላ ፒ 210 በመባል የሚታወቀውን ሽጉጥ አወጣ። የስዊስ ሠራዊት በ1949 ዓ.ም. ይህን ሽጉጥ በሉገር ፋንታ ተቀበለው፤ የዴንማርክ ጦርም ኤም 49 ብሎ ይኸንኑ ያዘ።

እንግዲህ ይህ ሽጉጥ ውድ የሆነበትን ምክንያት እንመልከት። በመጀመሪያ፥ ዋናዎቹ ክፍሎች ከድፍን አረብ ብረት በመቁረጫ መኪና እየተፈለፈሉ የሚወጡ ናቸው። ከጥሬው ብረት የሚበዛው ተፍቆ ይወድቃል፤ ለዚያም የመኪናውም የሠራተኛውም ጊዜ ይከፈልበታል። ሁለተኛ፥ በሚተኮስበት ጊዜ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው የላይኛው ክፍል እንደ ሌሎቹ ብዙ ሽጉጦች ከታችኛው አካል በላይ ተጋልቦ የሚሄድ ሳይሆን፥ ከውስጥ በኩል በተቀረጸ ረዥም ሐዲድ ታቅፎ የሚመላለስ ነው። በዚህም ምክንያት ወዲያና ወዲህ የመንቀጥቀጥ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ሦስተኛ፥ የላይኛውና የታችኛው ክፍል አንዱ ለሌላው ተመጥኖ ስለሚሠራ፥ ተጓዳኞች መሆናቸው እንዲታወቅ አንድ ዓይነት ቁጥር ይታተምባቸዋል። በመጨረሻም ሽጉጡ ከፋብሪካው ከመውጣቱ በፊት በ50 ሜትር ርቀት ይፈተን ነበር።

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ አንድ ነው፤ እርሱም ትክክለኛነት ነው። አፈሙዙ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ወደ ቀድሞው ቦታ በትክክል ስለሚመለስ፥ ጥይቶቹ እርስ በርሳቸው ተቀራርበው ያርፋሉ። ገዢው ለተጨማሪው ገንዘብ በዋናነት የሚቀበለው ይህን ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ትክክለኛነት በተኳሹ እጅ ሲገባ ምን ያህሉ ይተርፋል የሚል ነው።

ውድ አንባቢ፥ እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ቢታገሡን ነገሩ ግልጽ ይሆንልዎታል። በሽጉጥ ላይ የፊተኛውና የኋለኛው ማነጣጠሪያ የሚራራቁት 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል። ዒላማው በ25 ሜትር ላይ ቢቆም፥ ይህ ርቀት በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ካለው 156 ጊዜ ያህል ይበልጣል። እንግዲህ ተኳሹ ቃታውን ሲስብ እጁ ሸርተት ብሎ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ከመስመሩ በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢወጣ፥ ስሕተቱም በዚያው መጠን አድጎ ጥይቱ ከታሰበው ቦታ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ርቆ ይመታል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት የቀጭን ገመድ ውፍረት ያህል ናት።

አሁን ሁለት ሽጉጦችን እናወዳድር። ውዱ ሽጉጥ በመደገፊያ ላይ ታስሮ ሲተኮስ በ25 ሜትር ላይ ጥይቶቹን ሁሉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ይሰበስባል እንበል። ተራው ሽጉጥ ደግሞ የስምንት ሳንቲ ሜትር ክብ ይፈልጋል እንበል። ከክቡ መካከል ሲለካ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያልሠለጠነ እጅ የሚያመጣው ስሕተት ግን ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ መሆኑን አይተናል። ስለዚህ እጁ ያልጸና ሰው ውድ ሽጉጥ ሲገዛ፥ ትንሹን ስሕተት በብዙ ገንዘብ አርሞ ትልቁን ስሕተት እንዳለ ይተወዋል። በአንጻሩ በብዙ ልምምድ እጁን ያጸና ተኳሽ የራሱ ስሕተት ወደ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ሲወርድለት፥ ያን ጊዜ የሽጉጡ ስሕተት መታየት ይጀምራል። የውዱ ሽጉጥ ጥቅም የሚገለጠውም እዚህ ላይ ነው።

የስዊስ መንግሥት ይህን ጥያቄ እንዴት እንደ መለሰው ደግሞ እንመልከት። ፒ 210 ሠራዊቱን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ፥ በ1975 ዓ.ም. በእርሱ ፋንታ ፒ 220 የተባለው ሌላ ሽጉጥ ተመረጠ። አዲሱን ሽጉጥ ያወጣው ያው ሲግ ከጀርመኑ ዛውር ኩባንያ ጋር ሆኖ ነው። የዚህኛው የላይኛው ክፍል ከድፍን ብረት የተፈለፈለ ሳይሆን ከአረብ ብረት ላሜራ በመኪና ተጨፍልቆ የተሠራ ነበር፤ የታችኛውም አካል ከአሉሚኒየም ነበር። በዚህም ምክንያት ቀለል ያለና ለመሥራት የረከሰ ሆነ። በዒላማ ላይ ከፊተኛው ጋር እኩል ነው ብሎ የተከራከረለት ሰው ብዙ አልነበረም። ነገር ግን ሽጉጥ ለወታደር ሁለተኛ መሣሪያ ነው፤ የሚያስፈልገውም በቅርብ ርቀት ነው። ለዚያ ሥራ የአዲሱ ሽጉጥ ትክክለኛነት በቂ ነበር። ጥራትን እጅግ የሚወደው መንግሥት እንኳ ከበቂው በላይ ላለው ክፍያ የሚያቀርበው ምክንያት አጣ ማለት ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ ጎረቤቲቱ ኦስትሪያ ከዚህም አልፋ ሄደች። የኦስትሪያ ጦር በ1982 ዓ.ም. የመረጠው ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ የማያውቀው ጋስቶን ግሎክ ያቀረበውን ሲሆን፥ የታችኛው አካሉ ከፕላስቲክ የተሠራ ነበር። በመጀመሪያ ብዙዎች ናቁት። ነገር ግን ይህ ሽጉጥ ጥቂት ክፍሎች ያሉት፥ ዝገት የማያጠቃው፥ ሲበላሽም አንዱን ክፍል አውጥቶ ሌላውን ያለ ሞረድ ሥራ ለመተካት የሚያመች ሆነ። በብዙ ሀገሮችም ፖሊሶች ያዙት። ከዚህ የምንማረው ነገር ቢኖር፥ ሽጉጥ በተፈለገ ጊዜ ሳይከዳ እንዲተኩስ የሚያደርገው ባሕርይ ከከፍተኛ ዋጋ ጋር የግድ የተያያዘ አለመሆኑን ነው።

ታዲያ ውድ ሽጉጥ ገንዘብ ማባከኛ ብቻ ነውን? አይደለም። ፒ 210 ከሠራዊቱ ከወጣም በኋላ በዒላማ ተወዳዳሪዎች ዘንድ ተፈላጊነቱን አላጣም፤ ለእነርሱ የአንድ ሳንቲ ሜትር ልዩነት የማሸነፍና የመሸነፍ ልዩነት ነውና። ከዚህም በቀር በደንብ የተሠራ መሣሪያ ዋጋው ቶሎ አይወድቅም። በአሜሪካ ኮልት የተባለው ኩባንያ ፓይተን የሚባለውን፥ ጥይቶቹ በሚዞር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጡበትን ሽጉጥ በ1955 ዓ.ም. ሲያወጣ ዋጋው 125 ዶላር ነበር። የውስጥ ክፍሎቹ በሠለጠነ ሠራተኛ እጅ አንድ በአንድ እየተስተካከሉ ይገጠሙ ስለ ነበር፥ ሠራተኛው እያነሰ የጉልበት ዋጋም እየጨመረ ሲሄድ በ2005 ዓ.ም. ሥራው ቆመ። ከዚያ በኋላ ቀድሞ የተሠሩት ሽጉጦች በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋቸው እጅግ ናረ። ኩባንያው በ2020 ዓ.ም. ሥራውን በዘመናዊ መኪና እንደ ገና ሲጀምር ያወጣው ዋጋ 1,499 ዶላር ነበር። ሆኖም ለመሰብሰብ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ታሪክንና የእጅ ጥበብን መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለጥበቃ ነው የገዛሁት ብሎ ራሱን ማታለል አይገባውም።

እንግዲህ የሽጉጥ ሽያጭ በተፈቀደበት ሀገር የሚኖር ገዢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ። መጀመሪያ፥ ሽጉጡን የምፈልገው ለየትኛው ሥራ ነው? ለውድድር፥ ለጥበቃ ወይስ ለመሰብሰብ? መልሱ ካልተለየ ዋጋውን ለመመዘን አይቻልም። ሁለተኛ፥ እጄ የሽጉጡን ትክክለኛነት ሊጠቀምበት ይችላልን? ይህን ለማወቅ ሌላ ዘዴ የለም፤ በመጀመሪያ በተራው ሽጉጥ መለማመድ ነው። ሦስተኛ፥ ሽጉጡ ከተገዛ በኋላ በኪሴ ምን ይቀራል?

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አዲሱ ፒ 210 በአሜሪካ ከ1,500 ዶላር በላይ ይሸጣል፤ ፕላስቲክ አካል ያላቸው የታወቁት የአገልግሎት ሽጉጦች ግን ከዚያ በግማሽና ከግማሽ በታች ይገኛሉ። ልዩነቱ አንድ ሺህ ዶላር ያህል ቢሆን፥ አንዱም ጥይት 30 ሳንቲም ቢገዛ፥ በዚያ ልዩነት ከ3,300 በላይ የመለማመጃ ጥይት ይገኛል። ይህም በየሳምንቱ 50 ጥይት ለሚተኩስ ሰው ከአንድ ዓመት የበለጠ ትምህርት ነው። ውዱን ሽጉጥ ገዝቶ መለማመጃ ያጣ ሰውና ተራውን ገዝቶ ዓመት የተለማመደ ሰው በዒላማ ፊት ቢቆሙ ማን እንደሚያሸንፍ ለመገመት አያዳግትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በችኮላና በስሜት የተገዛ መሣሪያ ከቶ መታመኛ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በየትኛውም ዋጋ የማይገዛ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጥንቃቄ ነው። በመሳቢያ ውስጥ ጥይቱን እንደ ጎረሰ የተተወ ሽጉጥ በሕፃን እጅ ሲገባ፥ ውድ ይሁን ርካሽ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ነው። እንዲያውም በጥሩ ሁኔታ የተሠራው ቃታ ቀለል ብሎ ስለሚሳብ ጥንቃቄው ሊበዛ ይገባዋል። ስለዚህ የሽጉጥ ዋጋ ሲታሰብ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ዋጋ አብሮ መታሰብ አለበት። ለሁለቱ የማይበቃ ገንዘብ ያለው ሰው ለሽጉጡም ገና አልደረሰም። በሀገራችንም በ2012 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል፥ ሕጋዊነት ከዋጋም ከጥራትም የሚቀድም ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አንባቢያን ሽጉጥ የመግዛት አሳብ ባይኖራቸው እንኳ ይህ ምሳሌ ሊጠቅማቸው ይችላል። በየመሥሪያ ቤቱ የጨረታ ኮሚቴ ሲቀመጥ፥ አንዳንዱ እጅግ ውድ የሆነው ዕቃ ካልተገዛ ጥራት የለም ይላል፤ ሌላውም ከሁሉ የረከሰው ካልተገዛ ቁጠባ የለም ይላል። ስዊሶች በ1949 ዓ.ም. ውዱን፥ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የረከሰውን ሲመርጡ፥ በሁለቱም ጊዜ የተነሡት ዕቃው ከሚሠራው ሥራ ነበር። እርስዎም በግል ገንዘብዎ ሆነ በሕዝብ ገንዘብ ሲገዙ፥ በቂው የቱ ላይ እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ይወስኑ። ከዚያ በላይ ለሚከፈለው ለእያንዳንዱ ብር ሻጩ ምክንያቱን እንዲያስረዳዎ ይጠይቁ፤ ምክንያቱ ሥራዎን የሚመለከት ሆኖ ካገኙት ይክፈሉ፥ ካልሆነ ግን ገንዘብዎን ለሚበልጠው ጉዳይ ያቆዩት።