ከድምፁ በፊት የተጻፈው ደንብ

እ.ኤ.አ. በ1968 ሂዩበርት ሃምፍሪ በአንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ የአሜሪካ ዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩ ሆኑ። በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጡትን አብዛኞቹን ልዑካን በእጃቸው ያስገቡት የየግዛቱ የፓርቲ አለቆች ነበሩ። የቺካጎው ጉባኤ በጎዳና ሁከት ታጅቦ ተጠናቀቀ፤ ሃምፍሪም በኅዳሩ ምርጫ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ የተከታተለ አንድ ነገር ያስተውላል፦ ፓርቲዎች ደንብ የሚቀይሩት ያለፈውን ውድቀት ለመጠገን ነው፤ አዲሱ ደንብ ግን ብዙ ጊዜ ያልታሰበውን ሰው ይጠቅማል።

ከዚያ ሽንፈት በኋላ ደንቡን ያሻሻለው የፓርቲው የማክገቨርን-ፍሬዘር ኮሚሽን ልዑካን አስቀድሞ በታወቀና ለአባላት ክፍት በሆነ ሥርዓት እንዲመረጡ አዘዘ። ቅድመ ምርጫ አካሂዱ ብሎ አላስገደደም፤ ግዛቶች ግን ደንቡን ለማክበር ቀላሉ መንገድ ያ ሆኖ አገኙት። ቅድመ ምርጫ በብዙ ቦታ የሚመራው በግዛት ሕግ ስለሆነ ሪፐብሊካኖችም ተከትለው ገቡበት። አዮዋ ወደ መጀመሪያው ረድፍ የመጣችውም በዚሁ ደንብ ምክንያት ነው፤ የአባላት ስብሰባ ከሆነው የሰፈር ካውከስ እስከ ግዛት ጉባኤ ባሉት እርከኖች መካከል በቂ ጊዜ መኖር ስለነበረበት ካውከሱን ማስቀደም ግድ ሆነ። በ1976 ብዙም የማይታወቁት ጂሚ ካርተር በዚያች በር ገብተው እስከ ዋይት ሃውስ ዘለቁ።

ኮሚሽኑን የመሩት ማክገቨርን ራሳቸው በ1972 ዕጩ ሆነው 49 ግዛቶችን ማጣታቸው የፓርቲውን ሹማምንት አስደነገጠ። ከ1984 ጀምሮ በማንም ድምፅ የማይታሰሩ ልዑካን፣ ማለትም ሱፐር ዴሌጌቶች፣ ተፈጠሩ። የደቡብ ግዛቶች ደግሞ ለዘብተኛ ዕጩ ለማውጣት በ1988 ቅድመ ምርጫቸውን በአንድ ማክሰኞ ላይ አሰባሰቡ፤ ድሉ ግን ለጄሲ ጃክሰን፣ ለአል ጎርና ለማይክል ዱካኪስ ተከፋፈለ።

የደንብ ጉልበት በግልጽ የታየው በ2008 ነው። ሚሺጋንና ፍሎሪዳ ከተፈቀደው ቀን ቀድመው ስለመረጡ ዴሞክራቶች ልዑካናቸውን በሙሉ ነጠቋቸው፤ በኋላ በግማሽ ድምፅ መለሱላቸው። ከዚያ በላይ የሚያስገርመው ግን ስሌቱ ነው። ዴሞክራቶች ልዑካንን የሚያከፋፍሉት ቢያንስ 15 በመቶ ላገኘ ሁሉ እንደ ድርሻው ስለሆነ፣ ሂላሪ ክሊንተን ትልቋን ኒው ጀርሲን አሸንፈው ያገኙት ብልጫ 59 ለ48፣ ማለትም 11 ልዑካን ነበር። ባራክ ኦባማ በትንሿ አይዳሆ ካውከስ 15 ለ3 አሸንፈው 12 አተረፉ። ይህን ቀድሞ የተረዳው የኦባማ የምርጫ ዘመቻ አሸነፈ። ማጭበርበር አይደለም፤ ደንቡን አንብቦ መዘጋጀት ነው።

የሪፐብሊካኖች መንገድ ሌላ ነው። ብዙ ግዛቶቻቸው ለአሸናፊው ሁሉንም ይሰጣሉ። በ2016 ዶናልድ ትራምፕ በሳውዝ ካሮላይና አንድ ሦስተኛ ያህል ድምፅ አግኝተው 50ውንም ልዑካን ወሰዱ። በዴሞክራቶች ደንብ ቢሆን ያ ውድድር ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ዓመት የዴሞክራቶቹ ተወዳዳሪ የበርኒ ሳንደርስ ደጋፊዎች ያሰሙት ቅሬታ በ2018 ሱፐር ዴሌጌቶችን ከመጀመሪያው ዙር ድምፅ አሳገደ። በ2024 ዴሞክራቶች መክፈቻውን ለሳውዝ ካሮላይና ሰጡ፤ ኒው ሃምፕሻየር በግዛቷ ሕግ ተመርኩዛ ቀድማ መረጠች። በኔቫዳ ደግሞ ሪፐብሊካኖች ልዑካን የሚያስገኘው ካውከሱ ብቻ እንዲሆን ስለወሰኑ፣ ከሁለት ቀን በፊት የተካሄደው ቅድመ ምርጫ ዋጋ አልነበረውም። ይህ ለመራጩ በደል ነው፤ ሰልፍ የቆመበት ድምፅ ምን እንደሚያስገኝ የማወቅ መብት አለው።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ቨርጂኒያ መራጭን በፓርቲ አትመዘግብም፤ ዜጋ የሆነ መራጭ ከሁለቱ ፓርቲዎች በአንዱ ቅድመ ምርጫ መሳተፍ ይችላል። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ የሚኖረው ግን በፓርቲው ካልተመዘገበ የፕሬዚዳንት ዕጩ በመምረጡ ሥራ ድርሻ የለውም። ዜግነት አግኝታችሁ በሜሪላንድ የምትኖሩ ሁሉ፣ የፓርቲ ምዝገባችሁን ቀነ ገደቡ ከማለፉ በፊት አረጋግጡ።