ዓይን ካየው አእምሮ ስንቱን ይይዛል?

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ አልፎ ሎጊያና ሰመራ የሚደርሰው የጅቡቲ መንገድ አብዛኛው ሜዳ ስለሆነ ለመንዳት ቀላል ይመስላል። የከባድ መኪና ሾፌር ግን ፋታ የለውም። በስፖኪዮ ሊቀድመው የተጠጋ ሚኒባስ ያያል፤ ከፊቱ ቦቴ እየመጣ ነው፤ በግራ ግመሎች ቆመዋል፤ በቀኝ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ አለ። ዓይኑን ከስፖኪዮው ሲያነሳ ሚኒባሱ ከእይታው ይሰወራል፤ የት እንደነበረ ግን ሊዘነጋው አይገባም። ያየነውን ለጥቂት ሰከንድ አቆይተን የምንሠራበትን ይህን ችሎታ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የእይታ የሥራ ትውስታ ይሉታል።

ችሎታው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በግልጽ ያሳዩት ስቲቨን ላክና ኤድዋርድ ቮግል ናቸው፤ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1997 በኔቸር መጽሔት ወጣ። ተሳታፊው ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ባለቀለም ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ለ0.1 ሰከንድ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ስክሪኑ ለ0.9 ሰከንድ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ይመለሳሉ፤ ወይ እንደነበሩ ናቸው፣ ወይ የአንዱ ቀለም ተቀይሯል። ጥያቄው «ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም?» የሚል ብቻ ነው። እስከ ሦስት ድረስ የሚስት የለም ማለት ይቻላል። ከአራት ጀምሮ ግን ቁጥሩ በጨመረ መጠን ስህተቱም ይበዛል። ባዶው ጊዜ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል።

ወሰኑ በቁጥር ይለካል ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ፖል ቤይስና ማሱድ ሁሴን እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሉት፣ አእምሮ ብዙ ነገር መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ምስል ጥራት ይቀንሳል። በየትኛውም ወገን ቢታይ፣ ብዙ ማየት ብዙ መያዝ አይደለም።

ሰውም ከሰው ይለያያል። ቮግልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 የአንጎልን ኤሌክትሪክ ለክተው እንዳሳዩት፣ በዚህ ችሎታ የሚበልጡት የማያስፈልገውን ከአእምሯቸው ማስቀረት የሚችሉት ናቸው። ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በመንጃ ማስመሰያ ላይ ሰዎችን ፈተኑ። እጃቸው ነፃ ሆኖ በስልክ ሲያወሩ የነዱት፣ ዓይናቸው ያረፈባቸውን የመንገድ ዳር ማስታወቂያዎች እንኳ ዝም ብለው ከነዱት ባነሰ ሁኔታ አስታወሱ።

ስለዚህ ሾፌር «እያየሁ ነው» ቢል ዋስትና አይሆንም። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ከብትና እረኛ መንገዱን ያቋርጣሉ። ስልኩን ረዳቱ ይያዘው፤ መንጋ ሲታይ ፍጥነት ይቀነስ፤ ስፖኪዮ ደጋግሞ ይታይ፣ የቅድሙ ምስል ብዙ አይቆይምና። ይህን ጠባብ ቦታ ሙሉ በሙሉ ለመንገዱ መስጠት የሰው ሕይወት ያድናል።