ማቴማቲካዊ ኢንዳክሽን፦ መነሻውና እርምጃው

ከደባርቅ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ጃናሞራ የሚጓዝ መንገደኛ ሳንቃበርን ከደባርቅ፣ ጨነቅን ከሳንቃበር፣ የቧሒትን በር ደግሞ ከጨነቅ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ይህን ተመልክቶ «ቀጣዩ ሥፍራ ምን ጊዜም ካለፈው ይበልጣል» ብሎ ቢደመድም፣ ከቧሒት ወዲያ መንገዱ ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ ሲያቆለቁል ስሕተቱን ይረዳል።

በሒሳብ ክፍልም ይኸው ስሕተት ይታያል። ተማሪው አንድን ቀመር በ1፣ በ2 እና በ3 ሞክሮ «ተረጋገጠ» ይላል። ነገር ግን ሀ² + ሀ + 41 የተባለው ቀመር ከ0 እስከ 39 ላሉት ቁጥሮች ሁሉ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ሲሰጥ ይቆይና፣ ሀ 40 ሲሆን 1681፣ ማለትም 41 × 41 ሆኖ ይፈርሳል። አርባ ምስክር አላዳነውም።

ማቴማቲካዊ ኢንዳክሽን ይህን ጉድለት የሚሞላው በሁለት ተግባሮች ነው። አንደኛው መነሻውን ማረጋገጥ ነው። ሁለተኛው፣ አባባሉ ለአንድ ቁጥር እውነት ከሆነ ለተከታዩም የግድ እውነት መሆኑን ማሳየት ነው።

ለምሳሌ፣ ከ1 ጀምሮ ተከታታይ የሆኑ ሀ ጎደሎ ቁጥሮች ድምር ሀ² ነው የሚለውን አባባል እንውሰድ። መነሻው 1 = 1² ነው። ለሀ እውነት ነው ተብሎ ከተያዘ፣ ተከታዩ ጎደሎ ቁጥር 2ሀ + 1 ሲደመር ሀ² + 2ሀ + 1፣ ማለትም (ሀ + 1)² ይገኛል። ጠጠር በካሬ ቅርጽ ደርድሮ በሁለት ጎኑ አንድ አንድ ረድፍ መጨመር ይህንኑ ለዓይን ያሳያል።

በኢ-እኩልነት ላይ የመነሻው ክብደት ይበልጥ ይጎላል። «የሀ ያህል 2ዎች ብዜት ከሀ² ይበልጣል» እንበል። ለሀ እውነት ከሆነ፣ ብዜቱ አንድ ጊዜ በ2 ሲባዛ ከ2ሀ² ይበልጣል፤ 2ሀ² ደግሞ ሀ 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከ(ሀ + 1)² ይበልጣል። እንግዲህ እርምጃው ከ3 ጀምሮ ይሠራል። ነገር ግን በ3 ላይ 8 ከ9 ያንሳል፤ በ4 ላይ 16 ከ16 ጋር እኩል ነው። አባባሉ ያለማቋረጥ እውነት የሚሆነው ከ5 ጀምሮ፣ 32 ከ25 ሲበልጥ ነው። ስለዚህ እርምጃው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ የተነሣ መምህሩ መነሻውን እንደ ልማድ በ1 ጽፎ ማለፍ አይገባውም፤ ተማሪው ራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። የትምህርት ዕቅድ አዘጋጆችም በፈተና ለመነሻውና ለእርምጃው ለየብቻ ነጥብ ቢመድቡ፣ ተማሪው ሁለቱም የማስረጃው ምሰሶዎች መሆናቸውን ይገነዘባል። ሙከራ ግምትን ያመነጫል፤ ግምቱን ወደ እውነት የሚያደርሰው ግን ማስረጃ ብቻ ነው።