የቤት መሣሪያዎች ስንት ጀሪካን ይጠጣሉ? ስለ ዲጋ ቤቶች የውኃ አጠቃቀም

ዲጋ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምሥራቅ ወለጋ ከተማ ናት። አገሩ ዝናም የበዛበት ስለ ሆነ፥ ስለ ውኃ ቁጠባ መጻፋችን ለአንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሐምሌ የዘነበው ዝናም በየካቲት ጀሪካን አይሞላም። ቧንቧ በጠፋ ቀን 20 ሊትሩን ጀሪካን ተሸክማ የምትመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ ናት፤ የውኃውም ክብደት ብቻ 20 ኪሎ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውኃውን የምንለካው በጀሪካን ይሆናል።

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (2008–2012 ዓ.ም.) ለገጠር ነዋሪ የታቀደው በቀን ለአንድ ሰው 25 ሊትር ነበረ፤ ይኸውም አንድ ጀሪካን ከሩብ መሆኑ ነው። ይህን ይዘን ወደ ልብስ ማጠቢያው መኪና እንምጣ።

ከላይ የሚከፈተው አውቶማቲክ መኪና በርሜሉ የቆመ ስለ ሆነ፥ ልብሱ እንዲንሳፈፍ በብዙ ውኃ መሞላት አለበት፤ ለአንድ እጥበት ብዙ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ይወስዳል። ከፊት የሚከፈተው ግን በርሜሉ የተጋደመ ነው፤ ልብሱን ወደ ላይ እያነሣ በጥቂት ውኃ ላይ ስለሚጥለው ከ40 እስከ 60 ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ ሁለት ወይም ሦስት ጀሪካን ያህል ነው። ውኃ በሸክም በሚቀዳበት ቤት ባለ አምስት ጀሪካኑን መኪና የገዛ ሰው፥ የአጣቢዋን ድካም ወደ ቀጂዋ ጀርባ አዛወረው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም አጣቢዋና ቀጂዋ አንዲት ሴት ናቸው።

ከፊት የሚከፈተውም ችግር አለበት። ብዙዎቹ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር የሚደርስ የውኃ ግፊት ይጠይቃሉ። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ያህል ስለ ሆነ፥ ሮቶው ከመኪናው ከ3 እስከ 5 ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ሮቶው መሬት ላይ ከተቀመጠ መኪናው ውኃ ሲጠብቅ ይውላል።

በእኛ አስተያየት ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ባለ ሁለት በርሜሉ መኪና ይሻላል፤ በባልዲ ቢሞላም አይቀየምምና። በአንዱ የሳሙና ውኃ በመጀመሪያ ነጩ ልብስ፥ ቀጥሎ ባለ ቀለሙ፥ በመጨረሻም የወለል ጨርቁ ሊታጠብ ይችላል። ብዙ ውኃ የሚጠፋው ሲለቀለቅ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ሲቀር ነው፤ በሳፋ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ ይበቃል። የተረፈው ውኃ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል፤ በረኪና ያለበት ግን ጓሮ ባይደፋ ይሻላል።

ዋናው ጠጪ ግን ሌላ ነው። የቀድሞው ዓይነት የመጸዳጃ ቤት የውኃ ሣጥን በአንድ መልቀቅ 9 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ያፈስሳል። ስድስት ሰዎች በቀን አራት አራት ጊዜ ቢለቁት 216 ሊትር፥ ማለት ወደ 11 ጀሪካን ይሆናል። አንድ ተኩል ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሞልቶ፥ ተንሳፋፊውን ኳስ እንዳይነካ አድርጎ በሣጥኑ ውስጥ ቢያስቀምጡ በቀን 36 ሊትር ይተርፋል።

የሚንጠባጠብ ቧንቧም አይናቅ፤ ሩብ ሚሊ ሊትር የምታህል ጠብታ በየሰኮንዱ ብትወርድ በቀን ከ21 ሊትር ታልፋለች። የሣጥኑ ፍሳሽ ግን በዓይን ስለማይታይ፥ ከቀኑ ቡና የተረፈውን ጥቁር ቡና ወደ ሣጥኑ ጨምሮ ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት መቆየት ነው። ቀለሙ ከታች ከታየ ጎማው አርጅቷል።