የዝናብ መዝገብና የማጠቃለያ ፋንክሽን

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ የሚኖር ገበሬ ስለ ዝናብ ሲነጋገር «በጠቅላላው ስንት ዘነበ?» ብሎ አይጠይቅም። አያቴም እንዲሁ ናቸው። የሚጠይቁት «ከቀረ ስንት ቀን ሆነው?» ብለው ነው። እኔ ግን ባለፈው በልግ ከጓደኞቼ ጋር የዝናብ መዝገብ ይዤ በኮምፒዩተር ስደምር የሰነበትሁት የመጀመሪያውን ጥያቄ ነበር። የአያቴን ጥያቄ ለመመለስ ስነሣ አንድ አዲስ ትምህርት አገኘሁ፤ በዚህ መጽሔት ላካፍላችሁ የፈለግሁትም እርሱን ነው።

መዝገቡ ቀላል ነው። አፉና ታቹ እኩል ስፋት ያለው ጣሳ ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጠን፣ በየማለዳው የተጠራቀመውን ውሃ በማስመሪያ ለክተን፣ ቀኑንና ልኩን እንጽፋለን። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ከ1 ሚሊሜትር በታች የተለካበትን ቀን ደረቅ ቀን ብለን ቈጠርነው።

ይህን ሁሉ ያስገባነው በዳታቤዝ፣ ማለት በመረጃ ቋት ውስጥ ነው። መረጃን በረድፍና በዓምድ በተከፈለ ሠንጠረዥ የማስቀመጥን ሐሳብ ኤድጋር ኮድ የተባለው ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ጽፎ አሳወቀ። እኛ የተጠቀምንበት ዳታቤዝ ፖስትግሬስ የሚባለው ሲሆን፣ በ1986 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሊ፣ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረ ነው። ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይሠራበታል። ከጥንቱም ሲታሰብ ተጠቃሚው የራሱን ፋንክሽን እንዲጨምርበት ሆኖ የተሠራ ነው።

ማጠቃለያ ፋንክሽን ማለት ብዙ ረድፎችን ተቀብሎ አንድ መልስ የሚሰጥ ነው። ድምር፣ አማካይ፣ ብዛት፣ ትልቁና ትንሹ ከዳታቤዙ ጋር ተሠርተው ይመጣሉ። ነገር ግን እነዚህ የማይመልሱት ጥያቄ አለ። ለምሳሌ ሁለት መንደሮች በ10 ቀን ውስጥ ያገኙትን ዝናብ በሚሊሜትር እንመልከት።

የመጀመሪያው መንደር፦ 8፣ 0፣ 8፣ 0፣ 8፣ 0፣ 8፣ 0፣ 8፣ 0።
ሁለተኛው መንደር፦ 10፣ 10፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0፣ 10፣ 5፣ 5።

የሁለቱም ድምር 40 ነው። የሁለቱም አማካይ 4 ነው። የዘነበባቸው ቀኖችም በሁለቱም ዘንድ 5 ናቸው። በእነዚህ ቍጥሮች ብንፈርድ ሁለቱ መንደሮች እኩል ናቸው እንላለን። የበቀለው ገብስ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። በመጀመሪያው መንደር ዝናቡ ከአንድ ቀን በላይ አልተለየም፤ በሁለተኛው ግን በተከታታይ 5 ቀን ጠፍቷል። ስለዚህ «ረጅሙ ደረቅ ጊዜ» የሚባል የራሳችንን ማጠቃለያ ፋንክሽን መጻፍ አስፈለገን።

እንዲህ ያለው ፋንክሽን ሦስት ክፍሎች አሉት። ለማስረዳት ያህል ገበጣን እናስብ፤ ሁለት ጉድጓዶችና ብዙ ጠጠር አሉን እንበል። የመጀመሪያው ክፍል መነሻው ነው፤ ሁለቱም ጉድጓዶች ባዶ ይሆናሉ። ሁለተኛው እርምጃው ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ ረድፍ የሚደረገው ሥራ ነው። ቀኑ ደረቅ ከሆነ በአንደኛው ጉድጓድ አንድ ጠጠር እንጨምራለን። ከዘነበ ግን አንደኛውን ከሁለተኛው ጋር እናወዳድራለን፤ የበለጠ ከሆነ ሁለተኛውን በዚያው ልክ እንሞላለን፤ ቢበልጥም ባይበልጥም ከዚያ በኋላ አንደኛውን ባዶ እናደርገዋለን። ሦስተኛው መደምደሚያው ነው፤ ረድፉ ሲያልቅ መልሱን ያወጣል። በፖስትግሬስ ዘንድ እነዚህን ሦስቱን አያይዞ ስም የሚሰጠው ትእዛዝ «ክሪኤት አግሪጌት» ይባላል።

እኔ በመጀመሪያ የጻፍሁት መደምደሚያ በሁለተኛው ጉድጓድ ያለውን ብቻ የሚያነብ ነበር። ከዚያም ለመፈተን ያህል 6፣ 0፣ 0፣ 3፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0 ብዬ አስገባሁ። መልሱ 6 መሆን ሲገባው 2 ብሎ መለሰልኝ። ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ቈይቼ ምክንያቱን አገኘሁት። ፋንክሽኔ ደረቁን ጊዜ የሚመዘግበው ዝናብ ሲመለስ ብቻ ነበርና፣ ዝናብ ያልተመለሰበትን ጊዜ ጨርሶ ረስቶታል! ከሁሉ የከፋው ድርቅ ደግሞ ይኸው ዝናቡ ሳይመለስ ወራቱ የሚያልቅበት ነው። ስለዚህ መደምደሚያው ሁለቱን ጉድጓዶች እንደ ገና አወዳድሮ ትልቁን እንዲያወጣ አደረግሁት።

ሁለተኛው ስሕተት የቅደም ተከተል ነው። 3 እና 5 ቢደመሩ፣ 5 እና 3 ቢደመሩ ውጤቱ አንድ ነው። ተከታታይ ቀን ስንቈጥር ግን እንዲህ አይደለም። ዳታቤዙ ካላዘዝነው በቀር ረድፎቹን በፈለገው ተራ ያቀርባል። ስለዚህ ፋንክሽኑን ስንጠራ በቅንፉ ውስጥ «ኦርደር ባይ» ብለን በቀን ተራ እንዲያቀርብ ማዘዝ አለብን።

ሦስተኛውና ከሁሉ ያስቸገረኝ ሳይለካ የቀረ ቀን ነው። አራት ደረቅ ቀኖች አለፉ፣ በአምስተኛው ቀን ማንም ሳይለካ ቀረ፣ ከዚያም አምስት ደረቅ ቀኖች ተከተሉ እንበል። ባዶውን ረድፍ ዝለል ብለን ብናዘው መልሱ 9 ይሆናል። ነገር ግን ባልተለካው ቀን ዘንቦ ከሆነ እውነተኛው መልስ 5 ነው፤ ሳይዘንብ ቀርቶ ከሆነም 10 ነው። 9 በምንም መንገድ እውነት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ያልተለኩትን ቀኖች ብዛት ለብቻው የሚይዝ ሦስተኛ ጉድጓድ ጨመርሁ፤ መልሱም ከዚህ ቍጥር ጋር አብሮ ይወጣል። የማናውቀውን አናውቅም ማለት ሐሰት ከመናገር ይሻላልና።

አስተማሪያችን ሥራውን አይተው «የየወሩን መልስ ይዘህ ትልቁን ብትወስድ አይበቃም?» ብለው ጠየቁኝ። ወረቀት ይዤ ሳሰላው እንደማይበቃ ተገለጠልኝ። መጋቢት በ6 ደረቅ ቀኖች ቢያልቅና ሚያዝያ በ7 ደረቅ ቀኖች ቢጀምር፣ ለገበሬው 13 ተከታታይ ቀኖች ናቸው። ድርቅ ወር አይለይም።

ይህ ሁሉ የኮምፒዩተር ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የወሎ ልጆች ነን። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ እንደ ገናም በ1977 ዓ.ም. በአገራችን በወሎ የደረሰውን ረኀብ ከወላጆቻችን እየሰማን ያደግን ነን። ረኀብ ከዝናብ ማጣት ብቻ እንደማይመጣ የታወቀ ነው፤ ችግሩን በጊዜው አይቶ አለመናገርም ያባብሰዋል። ድምሩ ደኅና ነው የሚል ወረቀት፣ ቡቃያው ደርቆበት ለሚያይ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

ሥራው ሲያልቅ ለአያቴ የበልጉን ረጅም ደረቅ ጊዜ ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «መልካም፤ ግን ልጄ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? ከዘር በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አሉኝ። ፋንክሽኔ ይህን አያውቅም። እንግዲህ የሚቀጥለው ሥራዬ የመጀመሪያውንም ቀን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እናንተም ተሠርቶ የመጣውን ከመጠቀም አልፋችሁ ለራሳችን ጥያቄ የሚሆነውን ለመሥራት ትጉ። ጥያቄውን ግን አስቀድማችሁ ከሚያውቁት ሰዎች ጠይቁ።