ስም የሌለው ሥዕል እንዳይሆን
የበዓል ፎቶግራፎችን ወደ ቪዲዮ ለውጦ ስለ መላክ

የጥምቀት በዓል በአገራችን በአደባባይ ከሚከበሩት ዐበይት በዓላት አንዱ ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ጥር 11 ቀን ውኃው ተባርኮ ለሕዝቡ ይረጫል፤ አብዛኞቹ ታቦታት በዚያው ዕለት ሲመለሱ፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ደግሞ ጥር 12 ቀን በቃና ዘገሊላ በእልልታና በዝማሬ ታጅቦ ወደ መንበሩ ይገባል። ይህ በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ ወካይ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በእነዚህ ሦስት ቀናት በጃን ሜዳም ሆነ በጎንደር፣ በከተማም ሆነ በገጠር የሚነሣውን ፎቶግራፍ ቆጥሮ የሚዘልቀው የለም።

ፎቶግራፉ ግን በተነሣበት ቦታ አይቀርም። በዋሽንግተን፣ በሮም፣ በዱባይ ወይም በቤይሩት ያለው ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት በዓሉን በዐይኑ ባያይ እንኳ ሥዕሉን ይጠብቃል። ስለሆነም የበዓሉን ፎቶግራፎች በተራ አሰልፎ፣ መዝሙር አክሎ፣ አንድ ቪዲዮ አድርጎ በኢንተርኔት መላክ በየቤቱ የተለመደ ሆኗል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። 60 ፎቶግራፍ ለየብቻው ሲላክ ተራው ይዛባል፤ ገሚሱም ሳይታይ ይቀራል። አንድ ቪዲዮ ግን በስልክም በቴሌቪዥንም ይከፈታል፤ ቤተሰቡም ተሰብስቦ በአንድነት ያየዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህ ሥራ እንዴት በሚገባ እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጎድል ለአንባብያን ለማመልከት እንወዳለን።

ሥዕልን በተራ የማሳየት ልማድ

ሥዕልን ደርድሮ ታሪክ መናገር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጣና ሐይቅ በዘጌ ወደሚገኘው ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው የመቅደሱን ግድግዳ በዞረ ቁጥር አንዱ ሥዕል ሌላውን እየተከተለ ታሪኩን ሲተርክለት ያገኘዋል። ይሁን እንጂ አባቶቻችን ሥዕል ብቻውን ይናገራል ብለው አልተውትም። በብዙዎቹ የብራናና የግድግዳ ሥዕሎች ላይ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር የግእዝ ጽሑፍ እናገኛለን፤ ይኸውም ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ፣ ነገሩ እንዴት እንደ ተፈጸመ የሚያስረዳ ነው። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከግርጌ ተንበርክኮ ወይም ተደፍቶ በሚታይበት ጊዜም ስሙ «ተማኅፀነ» ከሚለው ቃል ጋር ይጻፋል። ሠዓሊው ሲያልፍ፣ አሠሪውም ሲያልፍ፣ ስሙ ከሥዕሉ ጋር ይኖራል።

በውጭው ዓለምም ስላይድ የማሳየት ልማድ ነበረ። ኮዳክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 ካሩሰል የተሰኘውን፣ 80 ስላይድ በሚይዝ ክብ ማኅደር የሚሠራውን ፕሮጀክተር አወጣ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሥዕሉ በነጭ ጨርቅ ላይ ሲበራ አንድ ሰው ከፕሮጀክተሩ ጎን ቆሞ «ይህ እገሌ ነው፤ ይህ እንዲህ ያለው ቦታ ነው» እያለ ያስረዳ ነበር። ኩባንያው የስላይድ ፕሮጀክተር መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አቆመ። የስላይዱ ቦታ በኮምፒዩተርና በተንቀሳቃሽ ስልክ ሲተካ ግን ከመሣሪያው ጋር አብሮ የጠፋ ነገር አለ፤ ይኸውም ከጎን ቆሞ የሚናገረው ሰው ነው። ዛሬ የሚላከው ቪዲዮ በሩቅ አገር ለብቻው ይደርሳል፤ የሚያስረዳለትም የለም። ስለዚህ የሚናገረውን ከውስጡ ይዞ ካልሄደ ዲዳ መልእክተኛ ሆኖ ይቀራል።

ምን ያተርፋል፣ ምን ያጎድላል?

ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚፈራረቁ ሥዕሎች ስብስብ ነው። በሴኮንድ 25 ሥዕል በሚያሳይ ቪዲዮ ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ ለ5 ሴኮንድ እንዲቆይ ሲደረግ ያው ሥዕል 125 ጊዜ ይደጋገማል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ፋይሉን እጅግ ሊያከብደው በተገባ ነበር፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 እንደ ጸደቀው ኤች.264 ያሉት የማመቂያ ዘዴዎች የመጀመሪያውን ሥዕል ሙሉ በሙሉ ከመዘገቡ በኋላ ከዚያ ወዲያ በዋናነት የሚመዘግቡት የተለወጠውን ብቻ ነው። ጸጥ ብሎ የቆመ ፎቶግራፍ ስለማይለወጥ ፋይሉ ቀላል ይሆናል። በአንጻሩ ሥዕሉ ያለማቋረጥ እየቀረበና እየራቀ፣ እየተሽከረከረና እየተበታተነ እንዲያልፍ ሲደረግ ፋይሉ ይከብዳል፤ ላኪውም ተቀባዩም ለዳታ የሚከፍሉት ይጨምራል። ጌጥ የበዛበት ቪዲዮ ዐይንን ከማድከሙም በላይ ኪስን ይጎዳል።

የሚጎድለው ደግሞ ይህ ነው። 4000 በ3000 ሆኖ የተነሣ ፎቶግራፍ ፒክስል የሚባሉ 12 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት 1920 በ1080 የሆነው ቪዲዮ ግን በጠቅላላው ከ2 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጡ ነጥቦችን ብቻ ይይዛል። በአግድም የተነሣው ፎቶግራፍ ሳይቆረጥ በዚህ ቪዲዮ ውስጥ ሲገባ 1440 በ1080 ይሆናል፤ ይህም ከነበሩት ነጥቦች 8 እጅ አንዱ ያህል ነው። በቁም የተነሣው ፎቶግራፍማ 810 በ1080 ስለሚሆን ከ13 እጅ አንድ እጅ ያህል እንኳ አይቀርለትም። ከዚህም በላይ ቪዲዮው በመልእክት መላኪያዎች ሲያልፍ እንደ ገና ይታመቃል። በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ ይነበብ የነበረው የአያት የፊት መስመር፣ የነጠላው ጥለት፣ በጃንጥላው ላይ የተጠለፈው ሐረግ ይደበዝዛል።

እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በውስጡ የሚይዘው የተነሣበት ቀንና ሰዓትም ወደ ቪዲዮው አይሻገርም። እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ቪዲዮው መልእክተኛ እንጂ ጎተራ አለመሆኑን ነው። ቪዲዮ ሠርተናል ብለው ዋናዎቹን ፎቶግራፎች ከስልካቸው የሚሰርዙ ሰዎች እህሉን ጥለው ገለባውን ያስቀመጡ ያህል ነው። ዋናዎቹ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በኮምፒዩተርና ከእርሱ ውጭ በሚቀመጥ ሌላ ማከማቻ፣ ሊጠበቁ ይገባል።

አሠራሩ

አንደኛው ሥራ መምረጥ ነው። 300 ፎቶግራፍ እያንዳንዱ ለ5 ሴኮንድ ቢታይ 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህን ያህል ጊዜ በትዕግሥት የሚመለከት ጥቂት ነው። 40 ፎቶግራፍ ግን በ3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያልቃል። አንድን ነገር ደጋግመው ከሚያሳዩት መካከል አንዱን ብቻ ማስቀረት ለተመልካች ማዘን ነው።

ሁለተኛው ማሰለፍ ነው። ከልዩ ልዩ ሰዎች ስልክ የተሰበሰበ ፎቶግራፍ በፋይሉ ስም ሲደረደር የከተራው ከቃና ዘገሊላው ጋር ይደባለቃል። በተነሣበት ሰዓት መደርደር ይሻላል፤ ለዚህም ፎቶግራፎቹ ከዋናው መሣሪያ በቀጥታ መቅዳት ወይም በቴሌግራምና በመሳሰሉት እንደ ፋይል መላክ አለባቸው። እንደ ተራ ፎቶግራፍ ከተላኩ ታምቀው፣ ቀንና ሰዓታቸውንም አጥተው ይደርሳሉ።

ሦስተኛው ቅርጹን መወሰን ነው። በቴሌቪዥን የሚታይ ከሆነ አግድም፣ በስልክ ብቻ የሚታይ ከሆነ ቁም ይመረጣል። ከቪዲዮው ቅርጽ ጋር ያልተስማማውን ፎቶግራፍ ማሽኑ በራሱ ጊዜ እንዲቆርጠው መተው አደጋ አለው፤ የካህኑን ጥምጣም ወይም የእናትን ራስ ቆርጦ ያስቀራልና። በግራና በቀኝ ጥቁር ክፍት ቦታ ቢቀር ይሻላል።

አራተኛው መሣሪያውን መምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እትሙ ጀምሮ ፓወርፖይንት የተደረደሩ ስላይዶችን ወደ ቪዲዮ ለመለወጥ ያስችላል፤ በስልክም ይህን የሚሠሩ መተግበሪያዎች ሞልተዋል። ነገር ግን መሣሪያ አላፊ ነው። ብዙዎች ይሠሩበት የነበረው ፒካሳ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ዊንዶውስ ሙቪ ሜከር በ2017 ተቋርጠዋል፤ የፍላሽ ድጋፍም በ2020 መጨረሻ ቆሟል፤ በፍላሽ የተሠሩ የሥዕል ትርኢቶችም በተለመደው መንገድ የማይከፈቱ ሆነዋል። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ለመከፈት በሚችለው በኤምፒ4 ዓይነት ማስቀመጥ ይገባል።

ድምፅና ፈቃድ

መዝሙር ማከል ሥዕሉን ሕይወት ይሰጠዋል። ይሁንና መዝሙር ባለቤት አለው። በአገራችን የወጣው የቅጅና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዜማና የግጥም ደራሲዎችን፣ የአቅራቢዎችንና የድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚዎችን መብት ይጠብቃል። ዩቲዩብም የተጫነውን ድምፅ ለይቶ ለባለመብቱ የሚያሳውቅ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ዘርግቷል፤ በዚህም ምክንያት ቪዲዮው ሊታገድ ወይም ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ፈቃድ መጠየቅ፣ አለበለዚያም በበዓሉ ላይ ቤተሰቡ ራሱ ሲዘምር የተቀዳውን ድምፅ መጠቀም መልካም ነው።

የሰውም ፊት እንዲሁ ባለቤት አለው። በጸሎትና በእንባ ላይ ያለን ሰው፣ ይልቁንም ሕፃናትን፣ ለዓለም ሁሉ ማሳየት አይገባም። ለቤተሰብ የታሰበ ቪዲዮ ሊንኩን የያዘ ሰው ብቻ እንዲያየው ተደርጎ ሊጫን ይችላል፤ ሊንኩ ግን ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ስለማይቀር ፍጹም ምስጢር ጠባቂ አይደለም። ይፋ እንዲወጣ የማይፈለግ ሥዕል ከመጀመሪያው አለማስገባቱ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው

ይህ ሁሉ ተሟልቶ የሥዕሉ ባለቤቶች ስም ካልታወቀ ድካሙ ከንቱ ነው። በውጭ አገር የተወለደ ሕፃን ቪዲዮውን ሲያይ ነጭ የለበሱ ብዙ ሰዎችን ያያል። ከመካከላቸው አንደኛዋ የአያቱ እኅት እንደ ሆነች፣ ከበሮ የያዘው ሽማግሌ አባቱን ፊደል ያስቆጠረው መሆኑን ግን ከፊታቸው አያነብም። ዛሬ እናቱ ትነግረዋለች፤ ከ30 ዓመት በኋላ ግን ማን ይነግረዋል? ፎቶግራፉ ሳይበላሽ ስሙ ይሞታል፤ ያን ጊዜ የገዛ ዘመዱ ለእርሱ የማያውቀው መንገደኛ ይሆናል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ግርጌ ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት በአማርኛ ይጻፍ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ስለ ገባ አሁን በአብዛኞቹ መሣሪያዎች መጻፍ ይቻላል፤ መተግበሪያው ፊደላችንን ሳያውቅ ቀርቶ በሆሄያቱ ፈንታ ባዶ ሣጥን ቢያሳይ ሌላ የፊደል ዓይነት መምረጥ ነው። ጽሑፉ አጭር ይሁን፤ ሁለት መስመር ከሆነ ሥዕሉ ለ8 ሴኮንድ ያህል ይቆይ፤ አረጋውያንም ሕፃናትም እኩል እንዲያነቡት። በአማርኛ ማንበብ ለማይችሉት ልጆችም ስሙን በድምፅ ማስገባት ይቻላል።

ከመጻፍም የሚሻል መንገድ አለ። አያት ወይም አያት የሚያህሉ ዘመድ ከስልኩ ፊት ይቀመጡ፤ ፎቶግራፎቹ አንድ በአንድ ይታዩአቸው፤ እርሳቸውም «ይቺ እገሊት ናት፤ የእገሌ ልጅ፤ ያን ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነበር» ሲሉ ድምፃቸው ይቀዳ። ያ ድምፅ ከመዝሙሩ ይልቅ ከሥዕሎቹ ሥር ይግባ፤ መዝሙሩ ከመጀመሪያና ከመጨረሻ ቢሰማ ይበቃል። ይህ ሲሆን ከፕሮጀክተሩ ጎን ቆሞ ያስረዳ የነበረው ሰው ቦታውን እንደ ገና ያገኛል፤ «ዘከመ» ብለው በብራና ላይ የጻፉት አባቶች ልማድም በአዲስ መሣሪያ ይቀጥላል።

በዓል ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ቀን ነው። ስሙን የሚያውቁት አረጋውያንም በዚህ ቀን በቤት አሉ። የዘንድሮውን ፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን በሣጥን ውስጥ የከረመውን የቀድሞውንም ጭምር አውጥቶ መጠየቅ የሚገባው ቡናው ተፈልቶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ጨዋታው በደራበት ሰዓት ነው። ቪዲዮውን መሥራት ለነገ ቢቆይ ጉዳት የለውም፤ መሣሪያው ነገም ይገኛል። ስሙን መጠየቅ ግን ዛሬ ነው።