እንባው ስለማይደርቅ ዓይን

በላስታ ደጋ፣ በገበያም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ዘወትር የምትጠራርግ እናት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሰውም ነገሩን የጢስ ወይም የምች ነው ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን ሳያለቅሱ የሚፈስ እንባ ምክንያቱ ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል እንላለን።

እንባ ዓይንን ካጠበ በኋላ፣ በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ማዕዘን በሚገኙ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ፣ በትንሽ ከረጢትና በቀጭን ቦይ አድርጎ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ዓይኑ ላይ መድኃኒት የተንጠባጠበለት ሰው ምሬቱ በጉሮሮው የሚሰማው ስለዚህ ነው። ቦዩ ሲደፈን እንባው በጉንጭ ይፈሳል፤ በከረጢቱ የቆመውም ይመግላል።

አንዳንድ ሕፃናት የቦዩ ታችኛ ጫፍ በስስ ቆዳ እንደ ተሸፈነ ይወለዳሉ። እናት እጅዋን በሳሙና ታጥባ፣ ጥፍሯንም ቆርጣ፣ ማዕዘኑን ከላይ ወደ ታች በቀን ጥቂት ጊዜ በቀስታ ብታሽላቸው፣ ከ10 ሕፃናት 9ኙ ያህል ዓመት ሳይሞላቸው ይድናሉ። ቅጠል ጨምቆ ማንጠብ ግን ዓይን ያጠፋል። ዓመት ካለፈ ሐኪም በቀጭን ዘንግ ቦዩን ይከፍተዋል። ለአዋቂ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና፣ ጣሊያናዊው ሐኪም አዴዮ ቶቲ እ.ኤ.አ. በ1904 የገለጸው ነው፤ ይኸውም ከከረጢቱ አጠገብ ያለውን አጥንት ከፍቶ ለእንባው ወደ አፍንጫ አዲስ መውረጃ ማበጀት ነው። ይህ የዓይን ስፔሻሊስት ሥራ ስለሆነ፣ ሕመምተኛው በላሊበላ ሆስፒታል ከታየ በኋላ እንደ ጎንደር ወዳለ ከፍተኛ የሕክምና ማዕከል ሊላክ ይችላል።

በአገራችን ግን ይበልጥ የሚያሰጋው ማዝ፣ ማለት ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. ግድም በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ልጆች ከ100ው 62 ያህሉ ታመው ተገኝተዋል። በሽታው እየተመላለሰ ሽፋኑን ያጠባስሳል፤ ቅንድቡን ሳይሆን የሽፋኑን ጠጉር ወደ ውስጥ ቀልብሶ ብሌኑን ያስፍቃል፤ የእንባውንም መውረጃ ሊያጠብ ይችላል። እናቶቻችን በወረንጦ ይነቅሉታል፤ ተመልሶ ይበቅላል። የተቀለበሰውን ሽፋን የሚያቀናው ቀዶ ሕክምና ግን አጭር ነው፤ የሠለጠነ ነርስም ሽፋኑን ብቻ አደንዝዞ ይሠራዋል።

መምህራን ሆይ፣ ዓይኑ የሚያነባ ልጅ ሲያጋጥማችሁ በፀሐይ ብርሃን ተመልከቱት፤ ጠጉር ብሌኑን ነክቶ እንደሆነ ይታያል። በታጠበ ጣት ማዕዘኑ ቀስ ተብሎ ሲጫን መግል ቢወጣ የቦዩ መደፈን ምልክት ነው። ማዕዘኑ አብጦ፣ ቀልቶና አተኩሶ ከሆነ ግን አይጫን፣ በምላጭም አይበጣ፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።